ከሰሌዳ ወደ ደብተር የሚሄድ ቃል

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «የዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ማስተማር ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ሰሌዳ ላይ ‹ሴፓሬት› የሚለውን ቃል ስጽፍ መሀሉ ላይ ‹ኤ› መግባት ሲገባው ‹ኢ› አስገባሁ። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ ‹ቲቸር፣ በኤ ነው› አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። ደንግጬ ‹በሁለቱም ይቻላል› ብዬ አለፍኩ። ቤቴ ገብቼ መዝገበ ቃላት ሳይ ልክ የነበረው ልጁ ነው። እውነቱን ለመናገር የምሳሳታቸው ቃላት ብዙ ናቸው። ቋንቋ የሚያስተምር ሰው የግድ ስፔሊንግ ማወቅ አለበት? ወይስ ወደ ታችኛው ክፍል ብዛወር ይሻለኛል?»

መምህርት፣ ከቁርጡ ልጀምር። አዎ፣ ቋንቋ የሚያስተምር ሰው ተማሪ ፊት የሚጽፈው ቃል ትክክል መሆን አለበት። ይህ ማለት ግን መዝገበ ቃላቱን ሸምድዶ መያዝ አለበት ማለት አይደለም። ሁለቱ ነገሮች ስለሚምታቱ ጥሩ ጥሩ መምህራን በከንቱ ይሸማቀቃሉ፤ ሌሎች ደግሞ «ዋናው መግባባት ነው» እያሉ እንደ ልባቸው ይጽፋሉ። እኔ የእንግሊዝኛ መምህራንን ሳሠለጥን የኖርኩ ሰው ነኝ። የሠልጣኞችን ጽሑፍ አርሜያለሁ፤ ክፍል ገብቼም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሲያስተምሩ አይቻለሁ። ስለዚህ የምነግርዎት ያየሁትን ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን እንየው። «ሴፓሬት» እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎችም ዘወትር የሚሳሳቱት ቃል ነው። ያቺ የመሀል አናባቢ ስትነገር ደብዛዋ ይጠፋል፤ ድምጿ ከኛ «ኧ» ጋር ይቀራረባል። ይህ ደብዛዛ ድምፅ በእንግሊዝኛ በ«ኤ»ም፣ በ«ኢ»ም፣ በ«አይ»ም፣ በ«ኦ»ም፣ በ«ዩ»ም ሊጻፍ ይችላል። እዚህ ቦታ ላይ ጆሮ ምንም አያግዝም። በእንግሊዞች አነጋገር ወደ 44 የሚጠጉ ድምፆች አሉ፤ ከእነሱ ውስጥ 20 ያህሉ አናባቢዎች ናቸው። ለአናባቢ ተብለው የተመደቡት ፊደላት ግን አምስት ብቻ ናቸው።

እኛ ያደግነው በሌላ ሥርዓት ነው። 33ቱን ፊደላት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የለየ ልጅ አይቶት የማያውቀውን ቃል ያነባል፤ የሰማውንም ይጽፋል። የፊደል ምርጫችንም ለስላሳ ነው። «ፀሐይ»ን አንዱ በጸሎቱ ጸ፣ ሌላው በፀሐዩ ፀ ቢጽፈው፣ ወይም በሐመሩ ሐ ፈንታ ሃሌታውን ሀ ቢያስገባ አንባቢው ሳይደናቀፍ ያልፋል። ግዕዝ የተማሩ ሰዎች ይህን ሲያዩ ይቆጫሉ፤ እውነትም አላቸው፤ በግዕዝ «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ሲሆን ፀሐይ ወጣች ለማለት ነው፣ በእሳቱ ሰ ሲሆን ደግሞ ሌብነት ነው። የዕለት ተዕለት አማርኛ ግን ይህን ሁሉ ይቅር ይላል። እንግሊዝኛ ይቅር አይልም። ልጆቻችን ከይቅር ባዩ ወደ ጨካኙ ሲሻገሩ ልዩነቱን ቁጭ አድርጎ የሚነግራቸው ሰው እምብዛም የለም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የድርብ ፊደል ነገር ነው፤ ከማርማቸው ስህተቶች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይወድቃሉና። እኛ ስንናገር እናጠብቃለን፣ እናላላለን፤ ስንጽፍ ግን ለመጥበቅና ለመላላት ምልክት የለንም። «ገና» ብዬ ብጽፍ በዓሉን ማለቴ ይሁን «ገና አልደረሰም» ለማለት አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ነው የሚለየው። «ዋና»ም እንዲሁ ነው፤ ውኃ ውስጥ የሚዋኙት ዋና ላልቶ፣ የነገሩ ዋና ጠብቆ ይነበባል። እንግሊዝኛ ግልባጩን ያደርጋል፤ ሲጽፍ ይደርባል፣ ሲናገር አያጠብቅም። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው ልጅ ድርቡን ፊደል በጆሮው ሊፈልገው ይሄዳል፤ ጥብቀት ሲያጣ አንዱን ይጥላል፤ አንዳንዴም ራሱ አጥብቆ የሚናገረውን ቃል ይደርበዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቢያስተምሯቸው ብዙ ቀይ እስክሪብቶ ይቀንስልዎታል። ድርቡ ፊደል የሚናገረው ስለ ራሱ ሳይሆን ከፊቱ ስላለው አናባቢ ነው። «ዲነር»ን፣ ራትን ማለቴ ነው፣ በሁለት «ኤን» እንጽፈዋለን፤ «ዳይነር»ን፣ ተመጋቢውን፣ በአንድ። በተለምዶ ድርብ ሲሆን ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር ነው፤ ነጠላ ሲሆን እንደ ፊደሉ ስም ይነበባል። ይህን የያዘ ተማሪ «ራይቲንግ» በአንድ «ቲ»፣ «ሪትን» ግን በሁለት «ቲ» ለምን እንደሚጻፍ በራሱ ይደርስበታል። «ራይቲንግ»ን በሁለት «ቲ» መጻፍ በእኛ ክፍሎች ውስጥ ምናልባት ከሁሉ የበዛው ስህተት ነው። ልጁ «ሪትን» ላይ ያየውን ድርብ ይዞ ሄዶ እዚያ ያስቀምጠዋል። ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ ያየውን አስታውሶ የተሳሳተ ቦታ ላይ አዋለው እንጂ።

«ቢጊኒንግ» ላይ «ኤን» የሚደረበው፣ «ቪዚቲንግ» ላይ ግን «ቲ» የማይደረበው ደግሞ ስንናገር ጫናው በሚያርፍበት ቦታ ምክንያት ነው። «ቢጊን» ጫናው መጨረሻው ላይ ነው፤ «ቪዚት» መጀመሪያው ላይ። ክፍሉ ውስጥ እያጨበጨቡ ያስነግሯቸው፤ እንደነዚህ ባሉ ቃላት ጭብጨባው መጨረሻው ላይ ጠንክሮ ካረፈ ይደረባል።

ሌሎቹ ስህተቶች ይህን ያህል ጥልቅ አይደሉም። «ጋቨርንመንት»ን ሁላችንም «ጋቨርመንት» ስለምንለው «ኤን»ዋ ትዋጣለች፤ «ኢንቫይሮንመንት»ም እንደዚያው ነው። «ሊቭ» እና «ሊይቭ»፣ መኖርና መሄድ፣ የሚምታቱት አማርኛችን አጭርና ረጅም የ«ኢ» ድምፅ ስለማይለይ ነው። የሱ፣ የነሱ፣ እዚያ ለማለት የሚያገለግሉት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ጥቃቅን ቃላት ከነአፖስትሮፋቸው እንግሊዞቹንም አሜሪካኖቹንም እንደኛው ያሳስታሉ። «ኔሰሰሪ» አንድ «ሲ»፣ ሁለት «ኤስ» አለው፤ ይህን መያዝ ብቻ ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

ብዙ ጊዜ ግን መላ አለ፤ የቃሉን ዘመድ መጠየቅ። «ግራመር»ን መጨረሻው ላይ በ«ኢ» የሚጽፍ ሠልጣኝ ሲገጥመኝ «ግራማቲካል» በል እለዋለሁ፤ «ኤ»ዋ ጥርት ብላ ትሰማለች። «ዴፊኒትሊ» ላይ «ኤ» የሚያስገባውን «ዴፊኒሽን» በል እለዋለሁ። «ጋቨርንመንት»ን «ጋቨርን» ያስታውሰናል። የእርስዎም «ሴፓሬት» ዘመድ አለው፤ «ፕሪፔር» ነው። ሁለቱም ከአንድ የላቲን ሥር የተወለዱ ናቸው፣ «ማዘጋጀት» ከሚል። «ፕሪፔር»ን በ«ኤ» እንደሚጽፉት ከዚህ በኋላ «ሴፓሬት»ንም በ«ኤ» ይጽፉታል። «አኮሞዴሽን»ም ሲፈታ እንዲህ ነው፤ መነሻው ላይ «አድ» የነበረው ከ«ሲ» ፊት ሲመጣ ወደ «ሲ» ተለወጠ፤ «ኮም» በ«ኤም» አለቀ፣ «ሞድ» በ«ኤም» ጀመረ። ሁለት «ሲ»፣ ሁለት «ኤም» የተገኘው ከዚህ ነው።

ተማሪዎች «ታዲያ ለምን እንደሚነገረው አይጽፉትም?» ብለው ሲጠይቁዎት የሚመልሱት ነገር ቢኖርዎት መልካም ነው። ዊልያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 እንግሊዝ ውስጥ ዌስትሚንስተር ላይ ማተሚያ ሲያቆም የቃላት መልክ በየመጽሐፉ መርጋት ጀመረ። አነጋገሩ ግን አልረጋም፤ ረጃጅሞቹ አናባቢዎች በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ ቦታ ተለዋወጡ። «ናይፍ» ላይ ያለችው «ኬ» በዚያ ዘመን ትነገር ነበር። «ዴት»፣ ዕዳ ማለቴ ነው፣ ውስጥ ያለችውን «ቢ» ደግሞ ላቲን የሚያውቁ ሊቃውንት አስገቧት፤ ቃሉ «ዴቢት» ብለን ባንክ ከምናውቀው ቃል ጋር ዘመድ መሆኑን ለማሳየት ነው። «አይላንድ» ውስጥ ያለችው «ኤስ» ግን በስህተት የገባች ናት፤ ቃሉ ከላቲን የመጣ መስሏቸው ነበር፤ አልነበረም። ይህን ለዘጠነኛ ክፍል ሲነግሯቸው ዓይናቸው እንዴት እንደሚበራ ያያሉ። ፊደሉ ታሪክ እንዳለው የገባው ልጅ ያስታውሰዋል።

አሁን ወደ ሰሌዳው ልመለስ። መምህሩ የሚጽፈው ትክክል መሆን አለበት ያልኩት ለክብሩ ብዬ አይደለም።

ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ሰሌዳው አናት ላይ በትልቁ «ፕሮነንሲየሽን» ብዬ ርዕስ ጻፍኩ። ግሱ «ፕሮናውንስ» ስለሆነ ስሙንም በ«ኦ» እና በ«ዩ» ጻፍኩት፤ «ኦ»ዋ እዚያ ቦታ አልነበራትም። ማንም አላረመኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተር ሰብስቤ ሳይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያንኑ ገልብጠዋል። የአንዲቱ ደብተር እስካሁን ከዓይኔ አይጠፋም። ርዕሱን በሚያምር ጽሕፈት ጽፋ፣ ከሥሩ በማስመሪያ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። የኔን ስህተት በሙሉ ልቧ ተቀብላ፣ አስጊጣ አስቀምጣዋለች። ይባስ ብሎ እንደተጻፈው «ፕሮናውንሲየሽን» እያሉ ማንበብ ጀመሩ፤ ስለ አነጋገር ባስተማርኩበት ክፍለ ጊዜ አነጋገር አበላሸሁባቸው። ያን ቀን ነው የሰሌዳ ክብደቱ የገባኝ።

መጽሐፍ ለሁለት ለሦስት በሚዳረስበት ክፍል ሰሌዳው መጽሐፉ ነው። ተማሪው ከሰሌዳ የገለበጠውን ለፈተና ያጠናዋል፤ ለታናሹም ያወርሰዋል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ባዮሎጂውም፣ ኬሚስትሪውም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ስለሆነ የእርስዎ ቃል የሚሄደው በእርስዎ ክፍለ ጊዜ ብቻ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ዳን ኩዌል ኒው ጀርሲ ውስጥ ትሬንተን ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ጎብኝተው ነበር። የ12 ዓመት ልጅ ሰሌዳው ላይ «ፖቴቶ» ብሎ በትክክል ጻፈ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ መጨረሻው ላይ «ኢ» ጨምር አሉት፤ ልጁም ጨመረ። ሰውዬው የያዙት ካርድ ላይ ቃሉ ተሳስቶ ተጽፎ ነበር። ዓለም ለዓመታት የሳቀባቸው በእሳቸው ነው። እኔ ግን ዘወትር የማስበው ልጁን ነው። ልክ ጽፎ ነበር፤ ትልቅ ሰው ስለነገረው አበላሸው።

ይህን ያመጣሁት ለመውቀስ አይደለም፣ መምህርት። ግን የእርስዎ ስህተት «ኢ»ዋ አይደለችም። «በሁለቱም ይቻላል» ማለትዎ ነው። «ኢ»ዋ በዳስተር ትጠፋለች። «በሁለቱም ይቻላል» ግን ልክ የነበረውን ልጅ ተጠራጣሪ አደረገው፤ ሌሎቹንም በስህተት ላይ አጸናቸው።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ፤ እሱን ነው በጣም የምፈራልዎት። አንድ ጊዜ አንድ መምህር ሲያስተምር ለማየት ገባሁ። አነጋገሩ የተዋጣለት፣ ተማሪ የሚወደው ሰው ነው። 40 ደቂቃ አስተማረ፤ ሰሌዳው ላይ ከቀኑ በቀር የጻፈው ሦስት ቃል ብቻ ነበር። ሲወጣ ጠየቅኩት። ዝም ብሎ ቆየና «መሳሳት እፈራለሁ» አለኝ። የጽሑፍ የቤት ሥራም አይሰጥም ነበር፤ ካረመ እንዳይጋለጥ። በስፔሊንጉ ከሚመጣው ጉዳት የፍርሃቱ ይበልጣል። የብሔራዊ ፈተናው እንግሊዝኛ ምርጫ ስለሆነ ተማሪው መልስ ይመርጣል እንጂ ቃል አይጽፍም። መምህሩም ካላጻፈው ያ ልጅ አንድ አንቀጽ በእንግሊዝኛ ጽፎ ሳያውቅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። እንዲያ ያሉ ተማሪዎች እጄ ገብተዋል፤ መልሶ ማቃናት ከባድ ነው። ከማይጽፍ ይልቅ እየተሳሳተ የሚጽፍ፣ ሲነገረውም የሚያርም መምህር ለልጆቼ እመርጣለሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ያደረግኩትን ልንገርዎት። ትንሽ ደብተር ያዝኩ፤ የምጠራጠራቸውን ቃላት ብቻ እጽፍባታለሁ። ሰው የሚሳሳተው በሁሉም ቃል አይደለም፤ የራሱ የሆኑ ቃላት አሉት። የኔዎቹ ሲቆጠሩ 60 አልሞሉም። ከዚያ የነገውን የትምህርት ዕቅድ ሳዘጋጅ ሰሌዳ ላይ የምጽፋቸውን ቃላት ሁሉ በጠርዙ ላይ አስቀድሜ እጽፋለሁ፤ የተጠራጠርኩትን መዝገበ ቃላት ውስጥ አያለሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አናጢ እንጨቱን ሳይለካ እንደማይቆርጠው ሁሉ ይህም የሥራው አካል ነው፤ የድክመት ምልክት አይደለም።

ክፍል ውስጥ ያልተዘጋጁበት ቃል ድንገት ሲመጣ «ይህን ቃል እርግጠኛ አይደለሁም፣ እስቲ እንየው» ብለው መዝገበ ቃላቱን አንዱን ተማሪ ያስገልጡት። መዝገበ ቃላት አገላለጥ ከዚያ የተሻለ ማስተማሪያ የለውም። ተማሪዎቹ የሚያውቅ ሰው ሲጠራጠር ምን እንደሚያደርግ ያያሉ።

ስልክዎን ግን በጭፍን አይመኑት። አንደኛ፣ «ዜር» ብለው ማንኛውንም ቢጽፉ ቃሉ በራሱ ትክክል ስለሆነ «የነሱ»ን ከ«እዚያ» ሁልጊዜ አይለይልዎትም። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ ስልኮችና ኮምፒውተሮች በአሜሪካ አጻጻፍ የተሞሉ ስለሆኑ «ከለር»ን በ«ዩ» ሲጽፉ ቀይ ያሰምሩበታል። ስህተት ስለሆነ አይደለም። አሜሪካዊው ኖህ ዌብስተር እ.ኤ.አ. በ1828 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ያጸናው የአሜሪካ አጻጻፍ «ዩ»ዋን ጣለ፤ እንግሊዞች ያዟት። ተማሪ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው ከጻፈ ነጥብ አይቀንሱበት። «በሁለቱም ይቻላል» የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

እርማት ላይም አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ልጁ ስለ እናቱ አንድ ገጽ ጽፎ ሲያመጣ 20 ቦታ ቀይ አድርገው አይመልሱለት። በሚቀጥለው ጊዜ የሚያውቃቸውን አጫጭር ቃላት ብቻ መርጦ ይጽፋል፤ ስህተቱ ይቀንሳል፣ ቋንቋውም አብሮ ይቀንሳል። ሐሳቡን አስቀድመው ያንብቡ፤ ከስህተቶቹ ሦስት ወይም አራት፣ የሚመሳሰሉትን፣ ይምረጡና እነሱን ብቻ ያሳዩት።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ጎበዝ አንባቢ ሆኖ፣ ያንኑ ቃል መቶ ጊዜ ጽፎትም የማይዝለት አለ። ዲስሌክሲያ የሚባለው፣ ማንበብን ወይም ስፔሊንግን የሚያከብድ የመማር እክል ያለባቸው ሰዎች ጉልህ ከሆኑት ችግሮቻቸው አንዱ ይህ ነው፤ ከማሰብ ችሎታ ጋር አይገናኝም። የእርስዎ ነገር እንዲህ ከመሰለዎት ራስዎን አይውቀሱ። በጠርዝ ላይ አስቀድሞ መጻፉ ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው የበለጠ ይጠቅመዋል፤ በሰሌዳው ፈንታ ተጽፎ የተዘጋጀ ፖስተር መስቀልም ይቻላል።

ወደ ታችኛው ክፍል ስለ መዛወር ላሉት፣ አይሆንም። ስፔሊንግ የሚከብደው እዚያ ነው። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ያለ ልጅ ቃሉን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው በመምህሩ እጅ ነው፤ ተሳስቶ ከገባ የሚያስወጣው ሰው ይቸግራል። የእርስዎ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ቢያንስ እጁን አውጥቶ ይነግርዎታል። ይህን ማድረግ የሚችል ልጅ ያለው ክፍል መልካም ክፍል ነው፤ በ11 ዓመት ውስጥ እርስዎ የሠሩት ነገር እዚያ ውስጥ አለ።

ሰኞ ሲገቡ ትምህርቱን ከመጀመርዎ በፊት ጠመኔ ያንሱና ቃሉን በትክክል ይጻፉት። «ባለፈው ሳምንት ይህን ተሳስቼ ነበር፤ በሁለቱም ይቻላል ያልኩትም ልክ አልነበረም። ልክ የነበረው እሱ ነው» ብለው ልጁን በስሙ ይጥሩት። ከዚያ ጠመኔውን ይስጡትና ከሥሩ «ፕሪፔር» ብሎ እንዲጽፍ ያድርጉ፤ ሁለቱ ቃላት የሚጋሩትን «ኤ» ራሱ ይክበብበት። የቀሩት ደብተራቸውን ገልጠው ያለፈውን ሳምንት ገጽ ይፈልጉና ያርሙት። እርስዎም በየወንበሩ መሀል እየዞሩ መታረሙን ይዩ።